ያሰረ ይፍታ

እንጦጦ፣ ከራጉኤል በታች
ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶሬቲ፣ ለበዳዳ የልጅ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ስልክሽን ያላነሳሁት ለዚህ ነው እንጂ ንቄሽ አይደለም። ደብዳቤሽን ወንጌል አመጣችልኝ። ከእናንተ ሱቅ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገዛች የትራስ ልብስ የምትሰፋዋ ወንጌል ጎረቤቴ መሆኗን ማን ነገረሽ? በዚህ ዘመን በእጁ ጽፎ፣ አጥፎ፣ በሰው የሚልክ ወጣት ያለ አይመስለኝም ነበር። ለዚህ ብቻ ስል ልመልስልሽ ተቀመጥኩ።

ድርጅቱ አርባ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ታሪኩን በመጽሐፍ ልታወጪ እንደሆነ ጽፈሻል። ሰሌዳው ላይ አሁንም «በዳዳና ወልደ ሐዋርያት የመጋረጃና የሶፋ ጨርቅ ማከፋፈያ» የሚል ተጽፏል ማለትሽ ገርሞኛል። የእኔን ስም ካነሱት የቆየ መስሎኝ ነበር።

አጀማመራችን እንዲህ ነው። እኔ መገናኛ አካባቢ ለአንድ ልብስ ሰፊ ተቀጥሬ መጋረጃ እሰፋ ነበር። አያትሽ ደግሞ ከየካ አባዶ እርሻው ወተት እያመጣ ጉርድ ሾላ ይሸጣል። አንድ ቀን ጆንያ ተሸክሞ ገባ። እህል የያዘ መስሎኝ ነበር፤ ባዶ ነው። «ከዚህ መጋረጃ ስፋልኝ» አለኝ። «ከጆንያ?» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሚስቱ አራስ ናት፣ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ጠያቂ ሲመጣ የምትከለልበት የላትም። ያኔ የተወለደው አጎትሽ ጉዲሳ ነው። ዛሬ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲቆጣሽ በጆንያ መጋረጃ ያደገ መሆኑን አስታውሺው።

ሰፍቼ ስሰጠው በሩ ላይ ቆም አለና፣ «ወልደ ሐዋርያት፣ እዚህ ከተማ ሰው ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚኖረው። ግድግዳ የሚሸጥለት ሰው ይፈልጋል» አለኝ። እኔ ስለ ጨርቅ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ ጨርቅ ግድግዳ መሆኑን ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። በዓመቱ፣ በ1978፣ እሱ ላሞቹን ሸጦ እኔ የስፌት መኪናዬን ይዤ ሱቁን ከፈትን።

ስለ አረንጓዴው ጣቃ የጠየቅሽኝን ግን ማንበብ አልቻልኩም። እዚያ ቦታ ላይ የእስክሪብቶሽ ቀለም ፈዟል።

<s>አያትሽን ሰላም በይልኝ።</s> እንደሰረዝኩት ይቆይ።

ወልደ ሐዋርያት


ጉርድ ሾላ
ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ወደ ሥራ ስመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ፊደሌ ከተንጋደደ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ስለ ጆንያው መጋረጃ ለአጎቴ ለጉዲሳ አነበብኩለት። «ውሸት ነው» ብሎ ወጣ። ከዚያ ተመልሶ መጣና «ምን ዓይነት ጆንያ ነበር?» አለኝ።

እስክሪብቶ ቀይሬያለሁ። ይኸኛው አይጠፋም ብለው ነው የሸጡልኝ። ስለዚህ ስለ አረንጓዴው ጣቃ እንደገና እጠይቅዎታለሁ።

ለምን እንደምጠይቅም በግልጽ ልንገርዎ። የሱቁ ሕንፃ ባለቤት አፍርሶ ሊሠራው ስለሆነ እስከ ነሐሴ መጨረሻ መልቀቅ አለብን። ወደ የካ አባዶ አካባቢ መጋዘን ተከራይተናል፤ ዕቃው መጫን ጀምሯል። በስተጀርባው ጥግ ግን እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የቆመ አንድ አረንጓዴ ጣቃ አለ። ወገቡ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። እንደሚያውቁት በእኛ ሱቅ ክር የታሰረበት ጨርቅ አይሸጥም፣ አይቆረጥም፤ ያሰረው ሰው መጥቶ ሲፈታው ነው። አካኮ፣ አያቴን እንዲህ ነው የምንጠራው፣ «ይህን ጣቃ ያሰረው ሰው ፈትቶ ካልወሰደው እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም» ብሏል። ቀልድ አይደለም። ጠዋት ይመጣል፣ ጣቃው አጠገብ ይቀመጣል፣ ማታ በግድ እናነሳዋለን።

አጎቴ ጉዲሳ ደግሞ ትዕግሥቱ አጭር ነው። ቁርጥራጭ ለሚገዙ ነጋዴዎች ልስጠውና እንገላገል ይላል። እኔ የምፈራው ያንን ቀን ነው። ጣቃው በጉልበት ከተወሰደ አካኮ አብሮት የሚሄድ ይመስለኛል።

ማን እንዳሰረው ስጠይቀው «የሚያውቅ ሰው አለ፤ እሱ ይንገርሽ» ይለኝና በአገጩ ወደ እንጦጦ ያመለክታል። እንጦጦ ላይ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አንድ ሌላ ነገር። ወንጌል እንደነገረችኝ ቤትዎ ትልቅ መስኮት አለው፣ መጋረጃ ግን የለውም። ዕድሜ ልኩን መጋረጃ ሲሰፋ የኖረ ሰው ለምን መስኮቱን ራቁቱን ይተወዋል? ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ነው።

አክባሪዎ ሶሬቲ


እንጦጦ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሶሬቲ፣

በመጀመሪያ፣ «አቶ» አትበይኝ፤ ፍርድ ቤት የተጠራሁ ይመስለኛል። አባባ በይኝ። ሁለተኛ፣ ለጉዲሳ ጆንያው የስኳር እንደነበረ ንገሪው፤ ከሌላው ይሻላል፣ ቅር አይበለው።

ክሩ እንዴት እንደተጀመረ ለመጽሐፍሽ ይሁንሽ። ደንበኛ ይመጣል፣ ጨርቅ ይመርጣል፤ «መስኮትህ ስንት ነው?» ስንለው አያውቅም። ሊለካ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በመሀል ሌላው መጥቶ ያንኑ ጨርቅ ይገዛል። ጠብ ሆነ። ስም በወረቀት ጽፈን ብንለጥፍ ወረቀቱ ይወድቃል፤ አያትሽም ያኔ ፊደል አልቆጠረም። አንድ ቀን ከጠረጴዛዬ ላይ ክር መዘዘና ለደንበኛው ሰጠው። «እሰርበት። ያሰረ ይፍታ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ። ሰው ሁሉ የራሱ አስተሳሰር ነበረው። የኮተቤዋ ቸርቻሪ አስያ በጥርሷ እየሳበች የምታስረውን ከራሷ በቀር የሚፈታው አልነበረም። አያትሽ በሬ እንደሚታሰር ነው የሚያስረው፤ አንዴ ጎተት ሲያደርጉት ይለቃል። እኔ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ እቋጥራለሁ።

ስለ ጣቃው ይህን ያህል ካስጨነቀሽ፣ አረንጓዴ ሆኖ ነጭ ወፎች ያሉበት ከሆነ እሱ ጣቃ የለም። በ1985 ተሽጧል። በዓይኔ አይቻለሁ። እናንተ ጋ ያለው ሌላ ነው። አያትሽ ሸምግሏል፣ ተምታቶበት ይሆናል።

የወንጌል ምላስ ከመርፌዋ ይረዝማል። መስኮት ብርሃን ማስገቢያ ነው። ብርሃን ይገባል። በቃ።

ወልደ ሐዋርያት


ጉርድ ሾላ
ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ የራሴን ቅጂ አውጥቼ አየሁ። እኔ የጻፍኩልዎ ጣቃው አረንጓዴ መሆኑን ብቻ ነው። ነጭ ወፎች እንዳሉበት አልነገርኩዎትም።

ከወንበሬ ተነስቼ ወደ ጥጉ ሄድኩ። አቧራውን በጨርቅ ጠርጌ ክሩን አየሁት። ቋጠሮው ሦስት ነው። ፎቶ አንስቼ አሳትሜዋለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር ይገኛል። አባባ፣ ያሰሩት እርስዎ ነዎት። ታዲያ ጣቃው እዚህ ቆሞ ሳለ እንዴት ተሽጧል ይሉኛል?

ማክሰኞ ዕለት ጉዲሳ ሁለት ነጋዴዎች ይዞ መጣ። አካኮ ወንበሩን ጎትቶ ጀርባውን ለጣቃው ሰጠና ምሳውን እዚያው በላ። ነጋዴዎቹ ሽማግሌ ተደግፎት የሚበላበትን ዕቃ ለመግዛት አፍረው ሄዱ። ሁልጊዜ ግን ይሉኝታ ያለው ነጋዴ አይመጣም። እርስዎ ካልነገሩኝ የሚነግረኝ ሰው የለም። በመሀላችሁ ምን ገባ?

ልጅዎ ሶሬቲ


እንጦጦ
ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሶሬቲ፣

ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። ወንጌልን ሁለት ጊዜ «አልጨረስኩም» ብዬ ባዶ እጇን መልሻታለሁ። ያዝሽኝ። ያሰርኩት እኔ ነኝ።

እስከ 1985 ድረስ ጨርቅ የምንገዛው ከመርካቶ ነጋዴዎች ነበር። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳችን ከውጭ አስመጣን። ጭነቱ ሲፈታ እኔና አያትሽ እንደ ሙሽራ ሚዜ አዲስ ሸሚዝ ለብሰን ነበር። ከመሀሉ ያ አረንጓዴ ወጣ። እናቴ ወይዘሮ ዓለም እኔ ዛሬ ባለሁበት ቤት ትኖር ነበር። ወፍ ትወዳለች፤ ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ ጥሬ ትበትንላቸዋለች። «የእናቴን መጋረጃ የምቆርጠው ከዚህ ነው፤ ለክቼ እስክመጣ አይነካ» ብዬ ክር አሰርኩበት። በዳዳ «የእናትህ ቤት መስኮት የለውም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልነበረውም። «አወጣለታለሁ» አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅብኝ ሰነበተ። ለገባ ለወጣው ደንበኛ «ወልደ ሐዋርያት መስኮት ለሌለው ቤት መጋረጃ መረጠ» እያለ ይተርክ ነበር። ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ታመመች። ላስታምማት ወጣሁ፤ ስትሻላት እመለሳለሁ ብዬ። በትርፍ ጊዜዬ ግድግዳውን እየፈነቀልኩ መስኮቱን ማውጣት ጀመርኩ። እሷም አልጋዋ ላይ ሆና ብርሃኑ እየሰፋ ሲመጣ ታያለች። አንድ ቀን መድኃኒት ገዝቼ በመገናኛ በኩል ስመለስ፣ ከታክሲው መስኮት አንድ ሆቴል አየሁ። የፎቁ መስኮት በሙሉ አረንጓዴ ባለ ነጭ ወፍ መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ታክሲው አልቆመም። መቆም አላስፈለገውም፤ እኔን ጨርቅ አያታልለኝም። ያን ጨርቅ በአዲስ አበባ ያስመጣ ከእኛ ሌላ አልነበረም፣ የመጣውም አንድ ጣቃ ነው። ክሬን ፈትቶ ሸጠው ማለት ነው። የእናቴን መጋረጃ።

በዚያው ዓመት እናቴ አረፈች። በዳዳ ለቅሶ መጣ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ጋር ተቀምጦ ሰልስቱን ዋለ። ስለ ጣቃው አንድ ቃል አልተነፈሰም። አፍሮ ነው አልኩ። እኔም አልጠየቅሁትም፣ ወደ ሱቁም አልተመለስኩም። መስኮቱን ጨረስኩት። ሌላ ጨርቅ ልሰቅልበት ግን እጄ እምቢ አለኝ። የጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፣ አሁን ተኚ።

ፎቶሽን አየሁት። ጨርቅ በፎቶ አይታወቅም፤ ጨርቅ የሚታወቀው በእጅ ነው። ክር ደግሞ ከአንዱ ጣቃ ወደ ሌላው ይዛወራል። ከጫፉ የጣት ያህል ቁራጭ ቆርጠሽ ላኪልኝ። ዳስሼ እነግርሻለሁ።

ወልደ ሐዋርያት


ጉርድ ሾላ
ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ፣

ቁራጭ መላክ አልችልም። መቀሱን ይዤ ስቀርብ አካኮ ድምፁን ሰማና «ማን ነው?» አለ። ለእርስዎ መሆኑን ነገርኩት። «ላሰረውም ቢሆን አይቆረጥም። ያሰረ ይፍታ ነው የተባለው፣ ያሰረ በደብዳቤ ይቁረጥ አልተባለም» ብሎ መቀሱን ቀማኝ።

ስለዚህ ወይዘሮ አስያን ፍለጋ ኮተቤ ሄድኩ። አሁንም ሱቋ ውስጥ ናት፣ አሁንም ክር በጥርሷ ትስባለች። የሆቴሉን ነገር ስነግራት እጇን አጨበጨበች። ለካስ እርስዎ እናትዎን ለማስታመም ከወጡ በኋላ ሁለተኛ ጭነት መጥቶ ነበር። ያው አረንጓዴ፣ ያው ነጭ ወፍ፤ ግን ሕትመቱ የተበላሸ። ወፎቹ ከመስመራቸው ወጥተው ነጩ አንድ ቦታ፣ ክንፉ ሌላ ቦታ ነበር። አካኮ «ይኸን ለቤት አልሸጥም» ሲል ወይዘሮ አስያ ወስዳ ለሆቴሉ አስማማችው፤ ከታች ለሚያየው ሰው ፎቅ ላይ አይታወቅም ብላ። አባባ፣ ከታች ያዩት ሰው እርስዎ ነዎት።

የተናገረችውን እንዳለ ልጻፍልዎ፤ እሷም እንዳለ ጻፊለት ብላኛለች። «ወልደ ሐዋርያት ነው ከታክሲ ውስጥ ሆኖ ጨርቅ የሚፈርደው? እኛን ሲያስተምረን ቀርበሽ፣ ዳስሰሽ፣ ገልብጠሽ ካላየሽ አፍሽን አትክፈቺ ይለን አልነበር? ሂጂና በይው፣ አንተስ ዳሰስከው?»

አሁን የደበቅሁዎትን ሁለት ነገር ልንገርዎ፤ ቢቆጡኝም ልክ ነዎት። አንደኛ፣ ደብዳቤዎችዎን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለአካኮ እያነበብኩለት ነበር። ሁለተኛ፣ የማነብለት እሱ ማንበብ ስለማይችል ነው። ፊደል ከተማረ ቆይቷል፤ ዓይኑ ግን ከጠፋ ዓመታት ሆኑ። ጣቃው አረንጓዴ ይሁን ቀይ አያየውም። ጠዋት ጠዋት በእጁ ክሩን ፈልጎ ያገኛል፣ ቋጠሮዎቹን ይነካል፣ ከዚያ ይቀመጣል።

ስለ ለቅሶው የጻፉትን ሳነብለት «ለቅሶ ቤት ስለ ጨርቅ ይወራል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ምሳውን አልበላም።

ልጅዎ ሶሬቲ


እንጦጦ
ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶሬቲ፣

ለአንቺ የጻፍኩትን ለሌላ ሰው ማንበብሽ ነውር ነው። እናትሽ ይህን አላስተማረችሽም።

ዓይኑ የጠፋው በምን ምክንያት ነው? ከመቼ ጀምሮ? ሐኪም አየው? እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?

ለአስያ ምንም አትበያት።

ዝናቡ እዚህ በርትቷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ለእግሬ አይመችም።

ወልደ ሐዋርያት


ጉርድ ሾላ
ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ፣

ስለ አካኮ ዓይን የጠየቁኝን ሁሉ መልሼ ከላክሁልዎ ወዲህ ድምፅዎ ጠፋ። ወንጌልን ብጠይቃት «ደህና ነው፣ በመስኮቱ ሲያይ ይውላል» አለችኝ።

መኪናው ተቀጥሯል። ሐሙስ፣ ነሐሴ 22፣ የቀረው ዕቃ ሁሉ ይጫናል። ጉዲሳ ከአባቱ ጋር ከመጣላት ብሎ እስካሁን ታግሷል፤ ሐሙስ ግን ጣቃውም አካኮም ይነሳሉ ብሏል፣ በፈቃዳቸውም ሆነ ያለ ፈቃዳቸው። አካኮ ለሐሙስ ንጹህ ሸሚዝ አዘጋጂልኝ አለኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ጭነት ሲፈታ አዲስ ሸሚዝ ነው የሚለበሰው» አለኝ። ጭነት የሚፈታበት ሳይሆን የሚጫንበት ቀን መሆኑን ብነግረውም አልሰማኝም።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፣ አለቅሳለሁ።

ሶሬቲ


እንጦጦ
ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሶሬቲ፣

እግሬ ደህና ነው፤ አትጨነቂ። ሐሙስ ዕለት ወደ ሱቁ ስመጣ ወንጌል ቁልቁለቱን እንደ ሙሽራ ነው ደግፋ ያወረደችኝ፣ ሽቅቡን ደግሞ ጉዲሳ በመኪና አደረሰኝ። ጣቃውን ራሱ ተሸክሞ አስገባልኝ። ያ በጆንያ ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ሆኗል። ቤቴን ዞር ዞር ብሎ አየና «አባባ፣ ጥሩ መስኮት ነው» አለኝ። ይህን ከአፉ አንብቤ ነው የተረዳሁት።

ለመጽሐፍሽ እንዲሆን ያየሁትን ልጻፍልሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ ስለነበር በደንብ ያየሽ አይመስለኝም። ቋጠሮው ድንጋይ ሆኖ ነበር። መቀስ ብጠይቅ አያትሽ በእጁ ከለከለኝ። በቀሩኝ ጥርሶች ነው የፈታሁት፤ ለአስያ እንዳትነግሪያት። የላዩ ዙር ገርጥቷል፣ ቢጫ ሊመስል ምንም አልቀረው። ሁለት ዙር ስገልጠው ያ አረንጓዴ ወጣ። ያኔ ሸሚዛችንን ለብሰን ያየነው ራሱ ነው። ዳሰስኩት፣ ገለበጥኩት። ጣቴን በአንዷ ወፍ ዙሪያ አስኬድኩ። ነጩ ከመስመሩ አልወጣም። የሁለተኛዋም፣ የሦስተኛዋም።

ልጄ፣ ተሳሳትኩ። ይህን ያህል ዓመት ተሳሳትኩ። እዚህ ቁጭ ብዬ ወደ ጉርድ ሾላ በሚያሳይ ባዶ መስኮት እያየሁ፣ እሱ እዚያ ቁጭ ብሎ ቋጠሮዬን በእጁ እየጠበቀ። በሠላሳ ብር ታክሲ የሚያስኬድ መንገድ ነበር እኮ በመሀላችን። በጣም አዝኛለሁ፤ ደስታዬም ደግሞ ከሐዘኔ አያንስም። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደሚይዙት አላውቅም።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። አያትሽ እጄን ይዞ ብዙ ተናገረ። አፉን እንዳላነብ ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ ነበር፤ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ነው የሚያወራው፣ እሱም በቀኙ፣ ከግራው በባሰው። እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ «አዎ፣ አዎ» ስል ነበር። ምኑን አዎ እንዳልኩ አላውቅም። አንቺ አጠገባችን ነበርሽ። ምን አለኝ? ምንም ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። የጠየቅሽኝን ሁሉ መልሼልሻለሁ፣ አሁን ተራው የእኔ ነው።

መልካም አዲስ ዓመት ያድርግላችሁ። አያትሽን ሰላም በይልኝ። አልሰረዝኩትም።

ወልደ ሐዋርያት


የካ አባዶ፣ አዲሱ መጋዘን
መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወልደ ሐዋርያት፣

የምናገረው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው ሶሬቲ ናት። እንዳትቀንሺ ብለሃታል፤ እኔም እንዳትጨምሪ ብያታለሁ።

የራጉኤልን ንግሥ እንዴት ዋልክ? እኛ ደህና ነን። መጋዘኑ ሰፊ ነው፤ ጠርዙን እስካውቀው ሁለት ጊዜ ግድግዳ መታኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤህ የሰረዝከውን ሰላምታ ሶሬቲ ከስረዛው ሥር አንብባልኝ ነበር። የዚያን ጊዜውም ደርሶኛል።

ምን እንዳልኩህ ጠይቀሃል። ግማሹ ስድብ ነበር። አዎ፣ አዎ ስላልክ ተስማምተሃል ማለት ነው፤ ምስክር አለኝ።

ሌላው ግማሽ ይኸ ነው። ለእናትህ ለቅሶ ስመጣ «ጣቃህ እንዳለ ነው፣ ሁለተኛው ጭነት ተበላሽቷል፣ የአንተን ግን ማንም አልነካውም» ልልህ አፌ ላይ ነበር። ሰው ተሰብስቧል፣ ሬሳ ገና መቀበሩ ነው፤ ነጋዴ ለቅሶ ቤት ገበያ አወራ ይባላል ብዬ ዋጥኩት። በአርባው እነግረዋለሁ አልኩ። በአርባው ፊትህን አዞርክብኝ። እኔም ኮራሁ። ያሰረ ይፍታ፣ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። ያ ሕግ የደንበኛ ነበር፤ በወንድም ላይ ሕግ ማድረጌ ስህተቴ ነው። ዓይኔ ሲጠፋ የቆጨኝ አንተ ከበር ስትገባ እንደማላይ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ገና ደጁን ስትረግጥ አወቅሁህ። ድሮም ቀኝ እግርህን ትጎትታለህ።

መጨረሻ ላይ ያልኩህ ናፍቀኸኛል ነው። በዚያ ሁሉ ተሸካሚ ፊት ጮክ ብዬ ተናገርኩት፤ አንተ ብቻ አልሰማህም። አሁን ሶሬቲ ጽፋዋለች። እስክሪብቶው አይጠፋም ትላለች።

ወንጌል መጋረጃውን ሰፍታ እንደሰቀለችልህ ሰማሁ። ጥሩ። ቀን ቀን ግለጠው፣ እናትህ ብርሃን ትወድ ነበር። የተረፈ አለ አሉኝ። ለትራስ ነው ለምን ነው እያለች እንዳትቆርጥብኝ ወንጌልን ንገራት። ክር እሰርበት፤ ሦስት ቋጠሮ አይደለም፣ እንደ በሬ፣ በእኔ አስተሳሰር። መንገዱ ይድረቅ እንጂ ሶሬቲ ይዛኝ ትወጣለች። መጥቼ የምፈታው ራሴ ነኝ።

እስከዚያ ማንም እንዳይነካው። የሱቁን ሕግ ታውቃለህ።

በዳዳ